ሠላሳ ግራም

የፖቲ ወደብ ላይ ጉም ሳይነሣ ገና፣
የነሐስ ክብደቶች በሣጥን ያዝኩና፣
ከዓሣው ገበያ ገባሁ ከጣራው ሥር፤
እኔ የመንግሥት ሰው፣ ሚዛን የምመረምር።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬ፣
የሰዎችን ጠባይ በግራም ቆጥሬ፣
ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

አንዱ ከሳህኑ ሥር ሰም ይለጥፋል፣
ሌላው በአውራ ጣቱ ጠርዙን ይደገፋል፤
የተያዘ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ይምላል፦
«እኔ ምን አውቃለሁ? ዕቃው እኮ አርጅቷል!»

ናዚብሮላ ዘንድ ግን ሰልፉ ረጅም ነው።
የሟች ባሏን ካፖርት፣ እጅጌው የሰፋው፣
ሁለቴ ጠቅልላ፣ ቅርፊት እየፋቀች፣
አንገቷን ሳታቀና ትመዝናለች።
«እጇ ይበረክታል» ይላል ደንበኛዋ፣
«ለሦስት ሰው ገዝቼ ለአምስት በቃ ዓሣዋ።»

አንድ ኪሎ ነሐስ ጫንኩ። ቀስቱ ተወዛውዞ
ዘጠኝ መቶ ሰባ ላይ ቆመ ደንዝዞ።
ደገምኩት። ያው ሆነ፤ ሠላሳ ግራም ጎድሎ፣
ጉድለቱ ግን ከሷ፣ ለገዢው ተከፍሎ።

«ሚዛንሽ ይዋሻል፤ በራስሽ ላይ ነው» አልኳት፤
ቢላዋዋን ጠረገች፤ ምንም አልደነቃት።
«አውቃለሁ። ብሎኑን እኔው ነኝ ያላላሁት።

ባሌ ባሕር ቀርቶ ሦስት ልጅ ሲተርፈኝ፣
ይኸው ብሎን ጠብቆ ከሰው ጎሮሮ አበላኝ፤
አራት ክረምት ሙሉ። ሠላሳ፣ ሠላሳ።
ማን ማን እንደነበር አሁን ልቤ ረሳ፤
ግማሹ ባቱሚ ነው፣ ግማሹ መቃብር፤
ለመጣ ሁሉ ከፈልኩ፣ ልቤ ተኝቶ እንዲያድር።»

«ስንት ዓመት ሆነሽ?»
«ዐሥራ አንድ።»
«አራት ሰርቀሽ ዐሥራ አንድ ከፈልሽ?
ሒሳቡ አልቋል እኮ!»
ሳቀች። ከፊት ጥርሷ አንዱ ወርቅ ነው።
«ሒሳቡማ ድሮ ነው ያለቀ።
አሁንማ ደስ ስለሚለኝ ነው።
ቤታቸው ገብተው ድስቱ ሲሞላባቸው
ምክንያቱን አያውቁም። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።
አትንገርብኝ።»

ሕጉ ደግ ውሸት፣ ክፉ ውሸት አይልም፤
ደሞዙን የበላሁ፣ ማለፍ አልቻልኩም።
ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ቀስቱን አቀናሁ፣
በእርሳስ ማኅተም አሽጌው ወጣሁ።

ከወር በኋላ ብሄድ ሰልፉ ሳስቷል፤
«የናዚብሮላ እጅ በረከቱ ሸሽቷል»
ይላሉ። እሷ ግን መዝና ስታበቃ፣
ከትንንሹ ዓሣ ጭብጥ ሙሉ ጠልቃ
ትመርቅላቸዋለች፣ በግልጽ፣ ፊት ለፊት።
ደንበኛው ያየዋል። «ይችን ብቻ?» ይላል።
«ለዚያኛው የጨመርሽው ከኔ ይበልጣል።»

ሳይታይ በረከት የነበረው
ሲታይ አነሰ።
አንዲት አሮጊት ብቻ አመሰገነቻት፤
ናዚብሮላ ፊቷን አዞረች፣
እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ።

ቅጼን አወጣሁ። «ሚዛኑ ልክ ነው» ብዬ ፈረምኩ።
የቀረውን የምጽፍበት መስመር ፈለግሁ፣ አጣሁ።
ሰልፉ ውስጥ ገብቼ ተራዬን ጠብቄ
ግማሽ ኪሎ ሐምሲ ገዛሁ፤ ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

ቤቴ ስደርስ፣ የሙያ ነገር፣ መዘንኩት።
ስንት እንደወጣ
አልናገርም።