አንድ ስንዝር ሰማያዊ

ኅዳር ሊያልቅ ሲቃረብ፣ የድሬ ሙቀት ሲበርድ፣
ደቻቱን ተሻግራ፣ ከከዚራ መገላ ስትወርድ፣
ጥቁር ጫማዋ አቧራ፣ ነጭ ቆቧ እንደ ሸራ፣
ትመጣለች ማሰር ክሌማንስ፣ ስም ከወረቀት ልትጠራ።

“ማሰር” በእነሱ አፍ “እህቴ” ነው አሉ፤
በእኛ ግን መቋጠር፣ ማጥበቅ ነው ውሉ።
ሁለቱም ልክ ነው፤ እሷ የቋጠረችው ጥብጣብ
እንኳን በዑደት፣ በሩጫም አይረግብ።

እኔ ሳሌህ ባዋዚር፣ ሱቄ ከመስጊዱ ጎን፣
የማርያም ልጆችን ቀሚስ ከእኔ ሌላ ይሰፋል ማን?
ሕጉን በቃሌ አውቃለሁ፦ ከጉልበት በታች አራት ጣት፣
አንገቱ የተዘጋ፣ እጅጌው እስከ አንጓ፣ ዳንቴል የሌለበት።
ለአዲስ ገቢ አረንጓዴ፣ ቃል ለገባች ሰማያዊ፤
(በሜትር ነው የሚሸጠው፣ ዋጋው ግን ምድራዊ።)

አሥራ አራት ልጃገረድ። አንዷም ሱቄ አትገባም፣
ልኬታቸው በቁጥር ነው፣ በወረቀት፤ ሌላ የለም።
ቁጥር ግን ትከሻ የለው፣ ቁጥር ትንፋሽ አያወጣ፤
ስለዚህ እጣራለሁ፦ ልጄ ዙልፋ ትምጣ!
ሳሙና ሣጥን ላይ አቁሜ የሰው ቀሚስ አለብሳታለሁ፣
አፌን ስፒል እንደ ሞላው “ቀጥ በይ” እላታለሁ።
በእሷ ገላ ፊሎሜንን፣ በእሷ ገላ አውጉስታን፣
የጣቢያ ሹሙን ልጅ ቀጭኗን፣ የዳቦ ቤቱን ልጅ ወፍራሟን።
በአንድ ምሽት አሥራ አራት ጊዜ ነጭ ለበሰች፣
አሥራ አራት ጊዜ አወለቀች፣ አጥፋ አስቀመጠች።
አንድም ቀን “የእኔስ?” አላለችም።
እሱ ነው የከበደኝ። ብትጠይቅ መልስ ነበረኝ።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰማያዊው ጎደለ።
ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ፤ አንድ ስንዝር የለም፣ የለ።
ከማን ላይ ልቀንስ? ከሹሙ ልጅ? አልደፈርኩም።
ከዳቦ ቤቱ? ዱቤ አለብኝ፤ እሱንም አልሞከርኩም።
ከፊሎሜን ቀነስኩ፤ አባቷ ፉርጎ ዘይት የሚቀባ፣
ሰላም ሲለኝ በር ተደግፎ እንጂ ወደ ውስጥ የማይገባ።
ከወደቀ ቁርጥራጭ ቀጠልኩላት፣ ስፌቱን ተኮስኩት፣ በጥፍሬ ደፈጠጥኩት፤
ስፌት ግን ለሚያውቅ ዓይን ጠባሳ ነው፣ ምን ቢደብቁት።

ኅዳር ሃያ ዘጠኝ። ደወሉ ከኒሙ ዛፍ በላይ።
እኔና ዙልፋ ከአጥሩ ውጭ፣ ከጋሪዎቹ ጎን፣ ሥራዬን ላይ
(በሰው ገላ ካላየውማ ምኑን ሰፋሁት?)።
ወጡ፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ነጠላ ከራስ ጥለው፣
ሻማቸውን ከንፋሱ በመዳፋቸው ከልለው።
ዙልፋ በሹክሹክታ ትቆጥራለች፦
“ያቺ እኔ ነኝ። ያቺም እኔ። ወፍራሟም እኔ ነኝ፤
ብብቷ ጋ ጠብቋታል፣ አባ፣ እኔንም ይዞኝ ነበር።”

ፊሎሜን መጣች። ሜዳሊያዋን ከስፌቱ ላይ ሰክታዋለች፣
ልክ ከመጋጠሚያው፣ እንደ ማኅተም።
ማሰር አላየችም። እኔ አየሁ፤ እፎይ አልኩ።
ያኔ ዙልፋ ዓይኗን ከፀሐይ ልትከልል እጇን አነሳች፤
እጅጌዋ ወደ ክርኗ ተንሸራተተ፦
አንጓዋ ላይ፣ በድርብ ቋጠሮ፣ አንድ ስንዝር ሰማያዊ።

ፊሎሜንም አየች። ዑደት አይቆምም፣ እሷም አልቆመችም፤
ብቻ በሁለት ጣቷ ሜዳሊያዋን ከፍ፣ መልሳ ዝቅ፦
ስፌቷን አሳየቻት።
ዙልፋ እጇን አላወረደችም።

እኔ ምን ልበል? ሱቄን ከፈትኩ፣ መዝገቤን ገለጥኩ፣
ከማሰር ሒሳብ ግርጌ፣ እርሳሴን በምላሴ አርሼ ጻፍኩ፦
“ሰማያዊ ሐር፦ ለሚመጣው ዓመት አንድ ስንዝር ይጨመር።
ምክንያት፦ የመቀስ ስህተት።
ከፋይ፦ ሰፊው።”