ሱሃይል እስኪወጣ

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ፣
አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፣ አቧራ የማታስገባ፤
በሯ ላይ እርጥብ አንሶላ፣ መስኮቷ ላይ እርጥብ ሸማ፣
ከአየር ማቀዝቀዣው በቀር የሚያጉረመርም አይሰማ።

እኔ መኪና ቀቢ ነበርኩ፤ ፓራፋንጎ፣ በር፣ ኮፈኖ፤
ቀለም ለኔ የሰው ግጭት መደበቅ ነበር፣ ሸፍኖ።
ኡስታዝ ሙንዚር፣ የባስራው ሰው፣ ጣቱ በሙጫ የጠቆረ፣
ስሜን «ይርዳው» ማለት አቅቶት «ያርዳ» ላይ ደክሞት የቀረ፣
«ቫርኒሽ አይሸፍንም» አለኝ። «ከሸፈነ በቃ፣ ከሰረ።
መስኮት ነው። ብርሃን ይገባል፣ እንጨቱን ነክቶ ይወጣል፤
ሲመለስ ግን ያው አይደለም፣ ያየውን ይዞ ይመጣል።»

ነጩን እንጨት ለፀሐይ ሰጠን፣ ሐምሌን ሙሉ ጣሪያ ላይ፤
ሰው የሚሸሻት ያቺው ጀምበር ለሱ ሆነችለት ሲሳይ፤
ሲወርድ ጠይም ዳማ ነበር፣ ትከሻው የሰው ገላ መሳይ።

ከዚያ ዘይቱ። ብልቃጡን ከፍቼ ባሸተው፣ ሳቅ አመለጠኝ ድንገት፤
ተልባ! ያ የሁዳዴው ተልባ፣ ኩታበር ላይ በጣሳ ስንሸምት
የኖርነው። ለካስ ቫዮሊንን የሚያለብሱት
በሱ ነው።
«ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» ብዬ ተረትኩ በአረብኛ፤
አልገባውም። ሳቀ ብቻ። እሱም ይበቃል ለኛ።

አንድ ልብስ፣ ስስ፤ መጠበቅ። ሌላ ልብስ፣ ስስ፤ መጠበቅ።
እጄ መርጫ የለመደ፣ በሰዓት ፒካፕ የሚጨርስ፣
የአይጥ ጅራት በምታህል ብሩሽ፣ ትንፋሼን ውጬ ሳለብስ፣
ቀኑ ያልቃል።

ነሐሴ ላይ አየሩ ላብ ሆነ፤ ባሕሩ ተነስቶ መጣ፤
አምስተኛው ልብስ አልደርቅ አለ፣ ብነካው ጣቴ ላይ ክር አወጣ።
«ምን ይሻላል?» ብለው፣ «ቆይ» አለኝ፣ «ቆይ፣ ሱሃይል እስኪወጣ።»

ሱሃይል ኮከብ ነው። እሱ ከታየ ሙቀቱ ይሰበራል ይላሉ፤
አሳ አጥማጁ፣ ግመል ጠባቂው፣ ሁሉም በሱ ይምላሉ።
የኡስታዝ ዓይን ግን ሞራ ለብሷል።
«አንተ እየው» አለኝ።

ሌሊት አስር ተኩል ላይ፣ ከትኩሱ የውሃ ታንከር ሥር፣
እሱ ወንበር ላይ፣ እኔ ቆሜ፣ ከዱባይ መብራት በላይ ደቡብን ስቆፍር፣
ሦስት ሌሊት «ያውና!» አልኩት። ሦስቱም የክሬን አምፖል ነበር።

በአራተኛው ዝም አልኩ።
ዝቅ ብሎ፣ ከአድማሱ ጭጋግ ብዙም ሳይለይ፣
ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ደግሞ ነጭ፣ እንደ ሙጫ እየቀለጠ የሚታይ
አንድ ነገር ነበር።
ክሬን ቆሞ ያድራል። ይህ ይወጣል።

«አየኸው» አለኝ ኡስታዝ፣ ከዝምታዬ ሰምቶ።
«ይህ ብርሃን ከዚያ ሲነሳ፣ አሁን ሦስት መቶ ዓመቱ፤
ክሬሞና ላይ አንድ ሰው፣ ሥራ ፈቶ በእለቱ፣
ቫርኒሹ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ እንደኛው፣ እያረረ አንጀቱ።»

መልስ አልነበረኝም።
እንዲህ የራቀ፣ እንዲህ የሰፋ፣ ወሰን ያልተሰመረለት ሜዳ፣
ያን ሁሉ ጨለማ አቋርጦ፣ ማንም ያልጠራው እንግዳ፣
ማለቂያው የመኪና ቀቢ ዓይን! ያውም ያልታጠበ፣ ገና በማለዳ።

ታች ወርደን ባትሪ አበራሁ። ከልብሱ ሥር፣ ከወገቡ አጠገብ፣
አንዲት ደቃቅ አሸዋ ሰምጣ፣ ቀርታለች እንደ ነጥብ።
«በብርጭቆ ወረቀት ላውጣት?» አልኩት። በጥፍሩ ጫፍ ዳሰሳት፤
ብዙ ቆየ። «ነገ እንወስናለን» ብሎ ጣቱን አነሳት።

ጎማ ጠጋኙ በሩን ከፈተ፤ ኮምፕረሰሩ ማጓራት ጀመረ።
ጅማት የሌለው፣ ድምፅ የሌለው ቫዮሊን ሽቦው ላይ ተሰቅሎ፣
ዝግ ብሎ ዞረ፤
ከእርጥቡ አንሶላ ሥር ቀዝቃዛ ነፋስ የገባ መሰለኝ።