ሩብ ፍሬ

ሐዋሳ፣ ከሆስፒታሉ መስኮት፣ ቁጥር ሦስት፣
ምላጭ ይዤ ቆሜአለሁ፣ ክኒን ልከፍል ለአራት።
ሮዝ ናት፣ ከምስር እምብዛም አትበልጥ፤
ጠርዟ ይፈረፈራል ምላጩ ሲቆርጥ።
ፍርፋሪዋን በጣቴ ጫፍ እሰበስባለሁ፤
እዚህ ዱቄት ውስጥ የሰው ደም አለ፣ አውቃለሁ።

ዱካሞ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ልቡ ውስጥ የብረት በር አለው፤
ወረፋው ጸጥ ሲል በመስኮቱ ጠቅ ጠቅታውን የምሰማው።
ደሙ ከወፈረ በሩ ይዘጋል፤
ከቀጠነም በአፍንጫ፣ በድድ ይወጣል።

መጽሐፉ «ለአዋቂ፣ በቀን አንድ ፍሬ» ይላል፤
አዋቂው ማን እንደሆነ መች ይጠይቃል?
የአለታ ወንዶዋን መምህርት ሁለት ፍሬ አልበቃት፤
ለእሱ ግን ያችው አንዷ፣ ትራሱን በሌሊት ደም አለበሰችበት።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ገበያው ዳር፣ በሲንጀር።
ሰው «ልኬን ታውቃለህ» ሲለው ሜትሩን ይዘረጋ ነበር፤
«የዓምናውን ነው የማውቀው። ቁም እስቲ፣ ክንድህን አንሣ።»
እንዲህ ያለ ግትር ሰፊ አልነበረም በሐዋሳ።
ያኔ አፍሬበት ነበር።

ባለፈው ሰኔ ምራቁን በጥጥ አሽገን ላክን ወደ ሸገር፤
ሦስት ወር ቆይቶ መጣ፣ አንድ ገጽ፣ የቁጥርና የፊደል ነገር።
«ይህ ሰው መድኃኒት የሚፈጨው በዝግታ ነው» ይላል ወረቀቱ፤
ከእናቱ ይዞት የመጣው፣ ከነአያቱ፣ ከነቅድመ አያቱ።
ሳነብለት፣ «ዝግታዬን? በነፃ ትነግርሽ ነበር ሚስቴ!»
ሳቅሁ፣ ምላጩ በእጄ፣ ከነጭንቀቴ።

እውነት ነው፣ ወረቀቱ ልክ ነው። ግማሹ በቃው፣ ኋላም ሩቡ።
ለሁለት ወር ደሙ ሰከነ፣ ሰዓቱን ጠበቀ ልቡ።

በኅዳር ግን ቁጥሩ ወረደ። ደሙ እንደ ሙቅ ወፈረ።
ሐኪሙ «ጨምሩለት» አለ። እጄ ምላጩ ላይ ቀረ።
«ምን በላህ?» አልኩት።
«ምን እበላለሁ? ሐይቁ ነጥፏል፤
መረቡ ባዶ ይወጣል። ቆጮ በጎመን፣ ጠዋት ጎመን፣ ማታም ጎመን ሆኗል።»

ጎመን! ያ ለምለም ቅጠል የመድኃኒቱን እጅ ይይዛል፤
ይህን የትኛው ምራቅ፣ የትኛው ፊደል ይጽፈዋል?

«ልተወው?» አለኝ።
«አትተወው። ልኩን ብቻ አታዛባ፤
በየቀኑ ያው አንድ ጭልፋ። ፍሬዋን ለእኔ ተዋት፣ አታስባ።»
ሩቧን በወረቀት ጠቀለልኩ፣ ስሙን ጻፍኩበት፤
ጎመን የሚለውንም ከሥሩ፣ ነገ እንዳልረሳበት።

ከኋላው አሥራ ሰባት ሰው ቆሟል፤ አንዷ እግሯን ትቀያይራለች።
ለእያንዳንዱ ሩብ ሰዓት የለኝም።
ምላጬም ዶልዱማለች።