የቃለ ጉባኤው ኅዳግ

ሰዓት፦ ዘጠኝ ተኩል፣ ከምሳ በኋላ፣
ድሬ ስታሸልብ በየግንቡ ጥላ።
ቦታ፦ ከዚራ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣
ሦስት ዓመት ካልዞረው ማራገቢያ ሥር።
አጀንዳ፦ አንድ ብቻ። ለኩባንያ ይሰጥ፣
ወይስ እንደ ድሮው ከከተማው ይኑር?

ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ድምፅ የለኝም፤
ሰው ከሚለው በቀር መጻፍ አልችልም።

ዮናዳብ ብድግ አለ፣ ከኩባንያው የተላከው፣
ክራቫቱን እንደ አፍሳር ሙቀታችን ያጠበቀው።
«ማቀዝቀዣ እናስገባለን፤ ኮምፒውተር፣ አርባ አዲስ ወንበር፤
እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር።
አባልነቱ በካርድ ነው፣ የወር ክፍያውም ይቀላል፤
በነጻ የተሰጠ ነገር፣ ታውቁታላችሁ፣ ይጣላል።»

መደርደሪያውን ጠቆመ። አልዋሸም፤ ምስጥ ገብቶታል፤
ከ«ሀ» ጀምሮ በተራ እስከ «መ» ድረስ አንብቦታል።
እንዲህ ያለ ትጉህ አንባቢ ዘንድሮ አላጋጠመንም፤
በጀት ስጡን ብለን ጻፍን፤ ካምና መልስ አልደረሰንም።

ሙሴ ጥላዬ ቀጠሉ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣
የትናንቱን ጋዜጣ ዛሬ በማንበብ መደበኛ።
«ልጄ፣ ሐዲዱንም እንዲሁ ስንሟገት፣ ስንመካከር፣
ፍየል ፉርጎው ውስጥ ወለደች፣ እኛ ገና ስንከራከር።»
ለየትኛው ወገን እንደሆነ አልገባኝም። ጻፍኩት ግን።

ኢብሳ ባለባጃጁ ከበሩ ላይ ድምፁን ሰጠ፤
«እኔስ ይውሰዱት ባይ ነኝ።» አዳራሹ ደነገጠ።
«ልጄ ማትሪክ ተፈታኝ ናት፤ እዚህ መጥታ መብራት የለም፤
ከነጻ ጨለማ፣ የተከፈለበት ብርሃን አይሻልም?»
ቃል በቃል መዘገብኩት። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም።

ከኋላ አንድ ሰው ተኝቷል፣ የአሸዋ ገበያ ተሸካሚ፣
ጉንጩን መዝገበ ቃላት ላይ ጥሎ፣ በሰላም አላሚ።
በስም ዝርዝሩ ምን ልበለው? ተሳታፊ? ተጠቃሚ?
ካርድ ለሌለው እንቅልፍ የትኛው ዓምድ ነው ተስማሚ?

ጋሽ ቡሽራ ምንም አላሉም።
የማውጫ ካርዶቹን በላስቲክ ያስራሉ፣ ይፈታሉ፣
እንደገና ያስራሉ።
አርባ ዓመት የጠበቁት ቤት ነው። «አስተያየት አለዎት?» ሲባሉ
«ውሃው እንስራ ውስጥ አልቋል፣ ልሙላ» ብለው ወጡ።

ያኔ ነው ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣
ሰብሳቢው ሊያጠፋው በሚችል እርሳስ፣ የጻፍኩት፦

ደቻቱ የሞላ ሌሊት፣
ዓመት ሙሉ አሸዋ ሆኖ የተኛው ወንዝ
ሳያንኳኳ የገባ ሌሊት፣
ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።
ከዚህ ቤት የተዋስኩት መጽሐፍ፣ ስለ ከዋክብት፣
ትራሴ ሥር ነበር። ቤታችን ግን አልነበረም፣ ሲነጋ።

መጽሐፉ ከወራት በኋላ ከጭቃ ወጣ፣
እንደ ዳቦ አብጦ፣ ምንም ኮከብ ሳይቀረው።
ቅጣቱን በቀን ቆጠርኩ፤ ሳንቲሙን በሻሽ ቋጠርኩ፤
እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ እየተንቀጠቀጥኩ።

ጋሽ ቡሽራ ሊገልጡት ሞከሩ፤ አልገለጥ አለ።
እሱን ትተው እኔን አዩ። «እናትሽስ?» አሉ።
ራሴን ነቀነቅሁ።
ቋጠሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤
ከዚያም የውሰት መዝገቡን ስበው፣ በቀይ ቀለም፣
«ተመልሳለች» ብለው ጻፉ።

ስህተት መሰለኝ። ሰዋስው ተምሬ ነበር፤
መጽሐፍ በወንድ አንቀጽ ነው የሚጻፈው።

ይህን የትኛው ኮምፒውተር ይቀበለዋል፣ አቶ ዮናዳብ?
ለኢብሳ ልጅስ፣ ጋሽ ቡሽራ፣ ይህ መብራት ይሆናታል?

ድምፅ ተቆጠረ። ድጋፍ፣ ዐሥራ አራት። ተቃውሞ፣ ዐሥራ አምስት፤
ሙሴ ጥላዬ ግን ሁለቱንም ጊዜ እጃቸውን አንሥተዋል።
ውሳኔ፦ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

ወንበር ሲንኳኳ ተሸካሚው ነቃ፣
የመዝገበ ቃላቱ ጠርዝ ጉንጩ ላይ ታትሞ።
«ሊዘጋ ነው እንዴ?» አለ።

ይህንንም በቀለም መዘገብኩት፤
ከሥሩም አንድ መስመር ባዶ ተውኩ።