መጋረጃ የሌለው መስኮት

ፀሐይ ኅዳር ላይ ትጠልቃለች፣
ጥር ሲጋመስ ትመለሳለች፤
በመሀል ያለው ቀን አይደለም፣
እኩለ ቀን የሚባል የለም።
ዓለት፣ ባሕር፣ ዓሣ ማድረቂያ እንጨት፣
ዐሥራ ሰባት ጎጆ፣ አንድ የጸሎት ቤት፤
ይኸው ነው ስቫርትቪክ፣ የኖርዌይ ጫፍ፣ የኔ አገር።

"መስኮት ቀሚስ ምን ያደርግለታል?" አለ ሰባኪው ኦድሙንድ አንድ እሑድ፤
በሳምንቱ መጋረጃው ሁሉ ወረደ፣ ግማሹ በውድ ግማሹ በግድ።
ራግና ግን ቀድሞም አልነበራት፤
የሰው ጨርቅ ትሰፋለች እንጂ የራሷ ቀሚስ አንዲት ናት፤
ግራጫ፣ ክርኗ ላይ ሁለቴ የተጣፈች፤
እሷም ስኳርን ከፋሲካ እስከ ፋሲካ የረሳች።
ቤቷ ገደሉ አፍ ላይ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት፤
ማምሻውን ፋኖስ አብርታ ትሰፋለች እስከ እኩለ ሌሊት።
ማንም አላሰበውም፣ እሷም አላሰበችው፣
ያን የተራቆተ መስኮት ባሕር እንደሚያውቀው።

ከገና በፊት፣ በጸሎት ቤቱ፣ ለሙት ልጆች ተለመነ፤
ያለው ሰጠ፤ የሌለው አንገቱን ደፍቶ አዘነ።
ራግና ከምን ላይ ትቀንስ? ቅቤው ሄዷል፣ ሥጋው ሄዷል፤
ቀሚሷስ ከአንድ ወደ ስንት ይወርዳል?
ዓይኗ ፋኖሱ ላይ ዐረፈ።
"ይኸም ለካ ትርፍ ነው" አለች። እፍ! ጭሱ በመስኮቱ ላይ አለፈ።

የጋዙን ዋጋ በጣሳ፣ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቀመች፤
ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ፣ በዳሰሳ እየሰፋች ዘመረች።
ደግሞም (ራሷ ናት ኋላ የነገረችኝ፣ ምንም ሳትደብቅ)
በልቧ መንደሩን ሁሉ በሚዛን አስቀመጠች፣ ከእሷ ማን እንደሚልቅ።

እኔ ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ፣ በቶርላይፍ ጀልባ ቀዛፊ ነበርኩ፤
በአራተኛው ሌሊት ነፋሱ ዞረ፤ በረዶ ዓይኔን ሞላው፤ ጮኽኩ።
ቶርላይፍ ዝም አለ። ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ያረጀ ሰው፣
መስኮቷን በስተቀኝ ይዞ ነበር ዓለቱን የሚያልፈው።
"የት ሄደች?" አለ ቀስ ብሎ፣ እንደሚጠይቅ ስለ ዘመዱ፤
"የራግና መብራት የት ሄደች?"
ዓለቱ መለሰለት፤ ተሰማኝ የጣውላው መቀደዱ።

አልሞትንም። ይኼ የሞት ታሪክ አይደለም።
ሌሊቱን ውሃ ስንጨልፍ አደርን፤ ከሦስት ጣቶቼ በቀር የጠፋ የለም።

ሲነጋ (ማለትም ሰዓቱ "ነጋ" ሲል) የራግናን ደጅ አንኳኳን፤
ቅርቡ ቤት የእሷ ነውና፤ ከፈተች፤ እየተንቀጠቀጥን ገባን።
ቶርላይፍ አልወቀሳትም። ጓንቱን አወለቀ።
"መስኮትሽን ፈለግነው" አለ ብቻ። የጺሙ በረዶ ሟሙቶ ወለሏ ላይ ወደቀ።

ራግና ወዲያው አልመለሰች፤
እጄን አየች፣ ፋኖሱን አየች፣ ጣሳውን አየች።
ከአፏ የወጣው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦
"የሰጠሁት የራሴን መስሎኝ…" ቃሉ በመሀል ተንጠለጠለ።

ጣሳው ለሙት ልጆች ሄደ፤ ስለቱ አልታጠፈም።
ጋዙን ግን ቶርላይፍ ያመጣል፤ ያለ እሱ ቅዳሜ አያልፍም።
እሷ፣ ከሰው እጅ መርፌ እንኳ ተቀብላ የማታውቅ ኩሩ፣
ጠርሙሱን ለመጨበጥ ጣቶቿ ይፈሩ ነበር፣ ይፈሩ።
ቅቤ መተው፣ ስኳር መተው፣ ያ ለእሷ ልማድ ነበር፤
ደጅ ላይ ቆሞ "እግዜር ይስጥልኝ" ማለት ግን አጥንት የሚሰብር።

ዛሬ ስቫርትቪክ ኤሌክትሪክ አላት፣ ወደቡም የራሱ መብራት፤
የራግናን ቤት የከተማ ሰው ገዛው፣ በዓመት አንዴ የሚመጣባት።
እኔም መጋረጃ አለኝ፤ ባለ አበባ ነው፤ ሚስቴ ናት የሰፋችው፤
ኃጢአት ነው አልላትም፤ እሷም ቅዱስ ነው አላለችው።
ነፋሱ ከሰሜን ሲዞር ግን፣ በሰባቱ ጣቶቼ፣
ሳላስበው እገልጠዋለሁ፣ ከአልጋዬ ተነሥቼ።
ባሕሩን አያለሁ። ጀልባ አይኖርም፣ አብዛኛውን ጊዜ።
መብራቱ ይብራ። የወሩ ሒሳብ ይሁን የኔ ትካዜ።