ነጭ የቀረው ሰፈር

ከጤና ጣቢያው ግድግዳ፣ ከክትባቱ ሰሌዳ ጎን፣
ደሴን በአራት ወረቀት አጣብቄ ሰቀልኋት።
ጦሳ በላይ፣ አዝዋ ገደል በማዶ፣
ቦርከና በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
ቀጭን፣ በጋ እንደሚያውቀው።

መዝገቡን ገልጬ ለአንድ ስም አንድ ስፒል እሰካለሁ።
የካቻምናው አረንጓዴ፣ የአምናው ቢጫ፣ የዘንድሮው ቀይ፤
ባንዲራ ላደርገው አልነበረም፣
ሱቁ ያለው ቀለም ይኸው ነው።
ቀዩ አልቆብኝ ከልብስ ሰፊው ከአራጋው ተበደርኩ።

ካቻምና ሰኞ ገበያ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ሳል፤
አምና እዚያው ደጃፍ ሦስት፣ አራት ሆኗል፤
ዘንድሮ በሐረጎ ጥምዝምዝ ቁልቁል ወርዶ
ኮምቦልቻ ፋብሪካ በር ቆሟል፣ ፈረቃ ሊቀይር ማልዶ።
እግር የለው፣ ክንፍ የለው፤
በሰው ትንፋሽ የሚሳፈር፣
ረዳቱ ሒሳብ ያልጠየቀው።

ካርታዬ ግን ይዋሻል።
ሰው የሚያድርበትን እንጂ
የሚተነፍስበትን አያውቅም።
ጦይባ «ሆጤ ነኝ» አለችኝ።
ሆጤ ሄድኩ፤ ጦይባ የሚላት የለም።
ለካ ሁለት ታክሲ ለውጣ ነው የምትመጣው፣
ክኒኗን ጎረቤት እንዳያይባት።
ስፒሏን የት ልስካ?
ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

ደግሞ አንድ ሰፈር አለ፣ ከወንዙ ማዶ፣
አንድም ስፒል ያላረፈበት፣
ነጭ፣ ታጥቦ እንደተሰጣ አንሶላ።
ተቆጣጣሪው መጣ፣ መነጽሩን ከፍ አደረገ፣
«ይሄ ጎበዝ ሰፈር ነው» ብሎ ጻፈ፣
ሻዩን ጨርሶ ሄደ።

እኔ ጫማዬን ለውጬ ሄድኩ።
አሥራ ሰባት በር አንኳኳሁ።
«ጉንፋን ነው፣ ያልፋል።»
«የወፍጮ ብናኝ ነው።»
«የደሴ ብርድ ነው እንጂ ልጄ ምን ነክቶት!»
አክታ መቀበያ ዕቃዬ ስድስተኛው ቤት አለቀ።
ነጩ ጤና አልነበረም፤
ነጩ ያልተጠየቀ ነበር።

ስድስት ወሩን የጨረሰውን፣ የዳነውን፣ እነቅላለሁ፤
ቀዳዳዋ ትቀራለች።
የእንድሪስን ግን፣
መዝገቡ «ተዘግቷል» ቢልም፣
እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቢጫው እዚያው ነው፣
ጭንቅላቱ አቧራ ለብሶ።

ማታ ከፒያሳ ሚኒባስ ገባሁ።
ጭጋጉ ከጦሳ ወርዷል፤ መስተዋቱ ሁሉ አልቦታል።
አሥራ ስድስት ሰው፣ አንድ ትንፋሽ።
ከኋላ አንዱ ሳለ።
ከፊት ሌላው ሳለ፣ ሰላምታ የሚመልስ ይመስል።
ስንት ቀለም ነው ይሄ? በየትኛው ቀበሌ ላይ?
መንገዱን እንጂ መኪናውን መቼ ሣልኩ!

እጄን ሰደድኩና መስኮቱን ገፋሁት፣
ሁለት ጣት ያህል።
«ኧረ ብርድ! ዝጊው!» አለኝ ሙሉ መኪና።
አንዲት እናት ልጇን በጋቢ ሸፈነችብኝ፣ ተቆጥታ።
የጦይባ ስፒል በኪሴ ጨርቅ አልፋ
ጭኔን ወጋችኝ።

እስከ ሙጋድ አልዘጋሁትም።