የሌሊት ተረኛ

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ቴሌ የገባሁ ጊዜ፤
የሌሊት ተረኛ፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ በእጄ ገመድ ይዤ፣
ጎሬን ከድሬዳዋ፣ ጅማን ከደሴ የማገናኝ፣
ከእንቅልፌ ጋር ብቻ የማልገናኝ።

ያኔ እንቅልፍ ጎረምሳ ነበር፣ ጉልበተኛ፤
እኔም ደረጃ ላይ ቆሜ የምተኛ፣
ሰርቪስ ውስጥ ተንጠልጥዬ የምተኛ።
አንድ ሌሊት የሐረር ነጋዴ «ሄሎ! ሄሎ!» እያለ፣
«እሺ እማዬ፣ ተነሣሁ» ብዬው፣ እየሳቀ ዘጋው ተባለ።
አለቃችን እትዬ አሰለፈች፣ ትከሻዬን በእርሳስ ጫፍ ነካ አድርገው፣
«ግፊው፣ ግፊው» አሉኝ፣ «ኋላ ለምነሽ አታገኚው።»

ሳቅሁ።

አሁን ስልሳ ስምንት ሞላኝ።
ሰንጋ ተራ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ቤት፤
የሚጠራኝ ደወል የለ፣ የምፈርምበት ሰዓት።
ተኚ ተብያለሁ፤ የጡረታ ደብተሬ ምስክሬ ነው፤
እንቅልፍ ግን ደብተሬን አያነብም፤ መሃይም ነው።

የሁለት ሰዓት ዜና ሳያልቅ አገጬ ደረቴ ላይ ይወድቃል፤
«ግቢና ተኚ» ሲለኝ «ማን? እኔ? መች ተኛሁ!» ስል፣ ምናሴ ይስቃል።
ሌሊት ስምንት ሲሆን ዓይኔ እንደ ዳቦ ቤት በር ይከፈታል፤
መልሼ ብገፋው፣ ብገፋው፣ አልገጥምም ይላል።
«ሄሎ፣ እንቅልፍ? አንድ ሰዓት ብቻ፤ ለጡረተኛ።»
መስመሩ ተይዟል።
«ግማሽ ሰዓት?»
መስመሩ ተይዟል።

ማን እንደያዘው አውቃለሁ።
ምናሴ ነው፣ የልጄ ልጅ፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ፤
በስልክ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ የሚያመሽ ፊቱ።
እሱ ስልኩን የሚያጠፋው እኔ ስነቃ፤
ኮሪደሩ ላይ እንተላለፋለን፣ አንዱ ገቢ አንዱ ወጪ፣ እንደ ፈረቃ።
ጠዋት እናቱ ብርድ ልብሱን ትገፍፋለች፤ «ፈተና የለህም? አንተ ሰነፍ!»
ተይው እላታለሁ፤ ስንፍና አይደለም፤
በዚያ ዕድሜ ቶሎ አይመሽም፣ ቶሎም አይነጋም።

እሷ ራሷ፣ ፍሬሕይወት፣ በአርባ ሁለት ዓመቷ፣
እንቅልፏን በችርቻሮ ነው የምትገዛው፤
ሚኒባስ ውስጥ፣ መስኮት ተደግፋ፣ ከሜክሲኮ እስከ መገናኛ፣
አንዱ «ወራጅ አለ!» እስኪል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግቢው ቧንቧ ያስላል።
ሦስት ቀን የጠፋው ውኃ መጣ።
ፎቅ መውጣት አይችልም፤ ጉልበቱ እንደኔው ነው።
የጀመረችው ዘሐራ ናት፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ እርጉዝ ሳለች፤
«እማማ ትርንጎ፣ እርስዎ መቼም አይተኙ» ብላ አንድ ጀሪካን በሬ ላይ አስቀመጠች።
አሁን አሥራ አራት ናቸው፤ የቤት ቁጥር በማርከር የተጻፈ፣
ከምሽት ጀምሮ ደጃፌ ላይ የተሰለፈ።
ሹራቤን ደርቤ እወጣለሁ፤
ጎማውን ከአንዱ አፍ ነቅዬ ሌላው አፍ ላይ እሰካለሁ፤
«ሁለት መቶ አንድ፣ አይዝጉ፤ ውኃ መስመር ላይ ነው» እላለሁ፣
ማንም ሳይሰማኝ።
እጄ አልረሳም። ገመድ ነበር፣ ጎማ ሆነ እንጂ።

ትናንት ዘሐራ ወረደች፣ ልጇን አቅፋ።
ሁለት ወሩ ነው፤ ከሌሊትና ከቀን ጋር ገና አልተዋወቀም፤
ሲያሰኘው ይተኛል፣ ሲያሰኘው ሕንፃውን ይቀሰቅሳል።
«ያዙልኝ» አለች። ያዝኩት።
ደረጃው ላይ ተቀመጥን፤ ባሻገር የባንኮቹ ፎቅ
ለማንም መብራቱን አብርቶ ቆሟል።
እንዴት እንዳለቀሰ! ከዚያ አንዴ ተንሰቀሰቀ፤ ዝም።
ደረቴ ላይ ሲተነፍስ አዳመጥኩት፤
ጩኸት የለ፣ ሽውታ የለ፣
መስመሩ ንጹሕ ነው፤
ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ አንድ ሰው ያነሣል…

ከዚያ እግሬ ረጠበ።
ጀሪካኑ ሞልቶ፣ ተርፎ፣ ግቢው ሁሉ ውኃ፤
ዘሐራ ሳቋን በመዳፏ አፍና፤
ልጁ አልነቃም።
«እማማ! እማማ ትርንጎ!» ብትለኝ፣
«እሺ እማዬ፣ ተነሣሁ» አልኳት አሉ።

ሦስት መቶ ሁለት ቁጥር፣ ይቅርታ።
ውኃችሁ ለእንቅልፌ ፈሰሰ።